ስልክ ይዛችሁ ስትወጡ፦ ደንና ቅርስ የሚጠብቅ ፎቶ እንዴት ይነሳል

የምኖረው ቡራዩ ነው። ከቤቴ ተነስቼ ገፈርሳ ግድብ ለመድረስ በእግር አርባ ደቂቃ ይበቃኛል። ግድቡን ቁልቁል የሚያይ አንድ ጥቁር ድንጋይ አለ፣ እረኞች ይቀመጡበታል። ላለፉት ስድስት ዓመታት እዚያ ድንጋይ ላይ እየቆምኩ አንድ ዓይነት ፎቶ አነሳለሁ። ውሃው፣ ሣሩ፣ ማዶ ያለው ኮረብታ። በቃ። ለሰው ሳሳየው "ምኑ ነው ይሄ?" ይሉኛል። ስድስቱን ጎን ለጎን ስደረድራቸው ግን ማንም እንደዚያ አይልም። የመጀመሪያው ላይ ኮረብታው ሙሉ ባህር ዛፍ ነው። ሦስተኛው ላይ ከዛፉ መሃል ሁለት የቆርቆሮ ጣሪያ ብልጭ ይላል። የዘንድሮው ላይ ቆርቆሮውን መቁጠር ጀምሬ መሃል ላይ ተምታታብኝና ተውኩት።

በአዲስ አበባ ዳር የምንኖር ሰዎች እጃችን ላይ ትልቅ ነገር አለ። ከተማው እየሰፋ ሲመጣ መጀመሪያ የሚደርሰው እኛ ጋ ነው። የዛሬ ዓመት የነበረው ምንጭ፣ ዋርካ፣ የድሮ አጥር፣ የቤተ ክርስቲያን ጫፍ፣ ዘንድሮ ላይኖር ይችላል። ሁላችንም ደግሞ ኪሳችን ውስጥ ካሜራ አለ። ስለዚህ እንዴት አድርገን ብናነሳ ፎቶው ለደኑና ለቅርሱ እንደሚጠቅም የማውቀውን ልንገራችሁ። ውድ ካሜራ አያስፈልግም። እኔ የማነሳው በስልክ ነው፣ ያውም ጥግ ላይ መስታወቱ በተሰነጠቀ።

አንድ ቦታ፣ ብዙ ዓመት

ከሁሉም ቀላሉና ከሁሉም የሚጠቅመው ይሄ ነው፣ ስለዚህ ከሱ ልጀምር።

በ1868 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ ጦር አፄ ቴዎድሮስን ሊወጋ ወደ መቅደላ ሲመጣ ፎቶ አንሺዎችም ይዞ ነበር። መንገዱን፣ ሰፈሩን፣ ተራራውን አነሱ። ያነሱት ለጦርነቱ ጉዳይ ነው፣ ስለ ዛፍ ማን አስቦ። ከ140 ዓመት በኋላ ግን የቤልጅየሙ ጌንት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ያን ኒሰንና ባልደረቦቹ እነዚያን ፎቶዎች ይዘው ሰሜን ኢትዮጵያ ወጡ። የድሮው ፎቶ አንሺ የቆመበትን ቦታ እየፈለጉ እንደገና አነሱ። አብዛኛው ሰው "ድሮ ደን ነበር፣ አሁን ተራቆተ" ብሎ ነው የሚያስበው። ፎቶዎቹ ጎን ለጎን ሲታዩ ግን በብዙ ቦታ ዛፉና ቁጥቋጦው ከ1868ቱ በልጦ ተገኘ። እርከኑ፣ ከከብት የተከለለው ተዳፋት፣ የተተከለው ባህር ዛፍ ለውጥ አምጥቷል። ይሄንን ክርክር ያለ ፎቶ ማን ይፈታው ነበር?

እንግዲህ እናንተም አንድ ቦታ ምረጡ። የምትቆሙበት ነገር የማይነቃነቅ ይሁን፣ ትልቅ ድንጋይ፣ የድልድይ ጥግ፣ የቤተ ክርስቲያን ደጀ ሰላም ደረጃ። አጥር ወይም የመብራት እንጨት አይሁን፣ ይነሳልና። ከዚያ በፎቶው ግራና ቀኝ ጠርዝ ላይ የሚገባ ምልክት ፈልጉ። እኔ በግራ የግድቡን ጫፍ፣ በቀኝ የኮረብታውን ጉብታ ነው የምይዘው። ዙም አትጠቀሙ፣ ምክንያቱም በሚቀጥለው ዓመት ስንት ላይ እንደነበረ አታስታውሱትም። ስልኩን አግድም ያዙት፣ ሁሌም በአይናችሁ ከፍታ። ሁለተኛ ስትሄዱ የበፊቱን ፎቶ በጓደኛችሁ ስልክ ወይም በወረቀት ይዛችሁ እያያችሁ አነጻጽሩ። እኔ አሳትሜ ፕላስቲክ ውስጥ ከትቼዋለሁ።

ወሩም አንድ ይሁን። መስከረም አደይ ፈክቶ ያነሳችሁትን ከበጋው ድርቀት ጋር ብታወዳድሩ ራሳችሁን ነው የምታታልሉት። እኔ በዓመት ሁለቴ ነው የምሄደው፣ ጥቅምት መጨረሻ ላይ ዝናቡ ሲያበቃና ሚያዝያ ላይ። ሰዓቱ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል። ጭጋግ ካለ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ። እዚያ ድንጋይ ላይ መጠበቅ ደግሞ የሚያሰለች ነገር አይደለም።

የት፣ መቼ፣ ምን፣ ማን

መጀመሪያ ላይ ማስታወሻ አልይዝም ነበር። "አስታውሰዋለሁ" እል ነበር። ከዚያ አንድ ቀን ስልኬ ውሃ ውስጥ ወደቀ። ፎቶዎቹን ለጓደኛዬ በቴሌግራም ልኬለት ስለነበር አገኘኋቸው፣ ግን የተነሱበት ቀንና ቦታ አብሯቸው አልነበረም። ወደ ሁለት መቶ ፎቶ። አንዱ ላይ የወደቀ ትልቅ ጥድ አለ፣ ግንዱ በመጋዝ የተቆረጠ። የት ነው? በየትኛው ዓመት? አላውቅም። ለደን ሰራተኛ ባሳየው ምን ያደርግበታል? እስካሁን ያንገበግበኛል።

ስለዚህ ሁለት ነገር ያዙ። አንደኛ፣ በቴሌግራም ፎቶ ስትልኩ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩት። እንደ ፎቶ ሲላክ ይጨመቃል፣ ውስጡ የተቀመጠው ቀንና ቦታም ይጠፋል። እንደ ፋይል ከተላከ ግን እንዳለ ይደርሳል። ሁለተኛ፣ ትንሽ ደብተር ይኑራችሁ። የስልክ ማስታወሻም ይሆናል፣ እኔ ግን ደብተር ይሻለኛል፣ ባትሪ አያልቅበትም።

የሚጻፈው አራት ነገር ነው። የት ነው፣ ማለትም ወረዳው፣ ቀበሌው፣ የአካባቢው ሰው ቦታውን የሚጠራበት ስም፣ ከተቻለ የጂፒኤስ ቁጥሩ። መቼ ነው። እዚህ ላይ ተጠንቀቁ፣ ስልኩ የሚጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፣ እናንተ ደግሞ በኛ ልትጽፉ ትችላላችሁ፣ ስለዚህ የየትኛው እንደሆነ ሁሌም ጨምሩ። ምን ነው። ማን አነሳው፣ ማንስ ነገራችሁ። የመጨረሻዋን ብዙ ሰው ይረሳታል። "ይሄ ምንጭ ድሮ እስከዚህ ይደርስ ነበር" ያሏችሁ አንድ አባት ካሉ፣ ያሉት ነገር ከፎቶው እኩል ዋጋ አለው። ስማቸውን ለመጻፍ ግን ፈቃዳቸውን ጠይቁ።

የቦታ ስም ነገር ከተነሳ፣ እዚህ ዳር ላይ ብዙው የመሬት ስም ኦሮምኛ ነው። እንደሰማችሁት ጻፉት፣ አታቃኑት። የአካባቢውን ሰው ስትቀርቡም "አካም ቡልተኒ"፣ እንዴት አደራችሁ፣ ብላችሁ ጀምሩ። ኦሮምኛችሁ እዚያው ቢያልቅም ፊታቸው ሲፈታ ታያላችሁ።

አውሬና ወፍ

ገፈርሳ ዳር ጠዋት የማያቸው ዝዮች አሉ። ሰማያዊ ክንፍ ዝይ ይሏታል። የኢትዮጵያን ደጋ ይዛ የምትኖር ናት፣ ሌላ አገር ዱር ውስጥ አታገኟትም። ከሩቅ ስትታይ አመድማ ቡኒ ነገር ናት፣ ሰማያዊው የሚታየው ክንፏን ስትዘረጋ ብቻ ነው። አንገቷን ወደ ኋላ አጥፋ ጀርባዋ ላይ ታስተኛለች፣ አንዳንዴ እየሄደች ሁሉ እንደዚያው ናት። አንድ ጊዜ ሣሩ ላይ በሆዴ ተኝቼ ግማሽ ሰዓት ያህል አየኋት። ሣር ትነጫለች፣ ቀና ትላለች፣ ትንሽ ትራመዳለች፣ አንገቷን መልሳ ታስተኛለች። ከዚያ አንድ እረኛ በሩቁ ሲያፏጭ አንገቷ በአንዴ ቀጥ አለ። ያን ሳይ አንድ ነገር ገባኝ። አንገቷ ቀጥ ካለ፣ ቀርቤያታለሁ ማለት ነው።

ይሄ ለሁሉም እንስሳ ይሰራል። መብላቱን ከተወ፣ ካያችሁ፣ ከተንቀሳቀሰ፣ ወደ ኋላ ተመለሱ። ፎቶው ትንሽ ይሁን ግድ የለም። ለጥናት የሚፈለገው የወፏ ዓይን ውስጥ ያለው ብርሃን አይደለም። የምንቃሯ ቅርጽ፣ የእግሯ ቀለም፣ ክንፏ፣ አጠገቧ ያለው ሣርና ውሃ ነው። ስለዚህ አንድ ቀረብ ያለ፣ አንድ ደግሞ ቦታውን ሁሉ የሚያሳይ አንሱ። ስንት እንደሆኑ ቁጠሩ። ዜሮ ከሆነም ጻፉት፣ "ዛሬ አልነበሩም" ትልቅ መረጃ ነው።

ጎጆ አይነሳም። ይሄን የምለው አጥፍቼ ስላየሁት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ገደል ላይ ያለ የጉጉት ጎጆ አግኝቼ አንስቼ ማህበራዊ ሚዲያ ላይ ለጠፍኩት፣ ቦታውንም ጻፍኩ። በሚቀጥለው ሳምንት ስመለስ ከገደሉ ሥር የሰው ዱካ፣ የውሃ ፕላስቲክ፣ የተወረወረ ድንጋይ ነበር። ጎጆው ባዶ ነበር። ጉጉትን እንደ ክፉ ምልክት የሚያይ ሰው ብዙ እንደሆነ እያወቅኩ ነው ያን ያደረግሁት። ከዚያ ወዲህ ያልተለመደ እንስሳ ቦታውን በይፋ አልጽፍም። የወፍ ድምጽ በስልክ እያሰሙ መጥራትም እንደዚያው ነው፣ ወፏ ጠላት መጣ ብላ እንቁላሏን ትታ ትወጣለች።

ታዲያ መረጃው የት ይሂድ? አይናቹራሊስት የሚባል መተግበሪያ አለ። ፎቶውን ትጭናላችሁ፣ ሌላ አገር ያለ ባለሙያ ሳይቀር አይቶ ዝርያውን ይነግራችኋል። የመጥፋት አደጋ ላይ ላሉ ዝርያዎች ትክክለኛውን ቦታ ራሱ ይደብቅላችኋል፣ ለሌላውም መደበቅ ከፈለጋችሁ ምርጫው አለ። ለወፍ ብቻ ከሆነ ኢበርድ ይሻላል፣ የቆጠራችሁትን ዝርዝር ነው የሚቀበለው። ቄራ አካባቢ ሲዞሩ የምናያቸው ጥንብ አንሳዎች ስለበዙ ተራ ይመስሉናል። ከመካከላቸው ግን በዓለም ደረጃ እጅግ አስጊ ከሚባለው መዝገብ የገቡ ዝርያዎች አሉ። እነሱን አንስታችሁ ቁጥራቸውን ብትመዘግቡ ጊዜያችሁ በከንቱ አልሄደም።

ሱባ ስትሄዱ

መናገሻ ሱባ ከሆለታ መንገድ ገባ ብሎ ወጨጫ ተራራ ላይ ነው። የተፈጥሮ ጥድ፣ ዝግባ፣ ወይራ፣ ከፍ ሲል ኮሶ፣ ከዚያም በላይ አስታ። አፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ከሸዋው ወፍ ዋሻ ደን የጥድ ዘር አስመጥተው አስተከሉት ይባላል። ጉሬዛው ከላይ ነው፣ የምኒልክ ድኩላ ደግሞ ማለዳ ከመጣችሁ መንገዱ ዳር ይታያል። ለጉሬዛ ሙዝ አትወርውሩለት፣ ፎቶው ይቅር።

እዚህ ደን ውስጥ እኔ በብዛት የማነሳው ዛፍ ነው። የልብስ ሰፊ ሜትር ይዤ እሄዳለሁ፣ ያን ለስላሳውን። ግንዱን ከመሬት 1 ሜትር ከ30 ከፍታ ላይ፣ ደረታችሁ አካባቢ ማለት ነው፣ ዙሪያውን ትጠመጥሙታላችሁ። የደን ባለሙያዎችም የሚለኩት እዚሁ ከፍታ ላይ ነው። ቁጥሩ እንዲነበብ አድርጋችሁ ሜትሩን ከግንዱ ጋር አንሱት። ከዚያ ወደ ኋላ ራቅ ብላችሁ ዛፉን ከነቁመቱ፣ ሰው አጠገቡ አቁማችሁ። ቅርፊቱን፣ ቅጠሉን፣ ፍሬውን ለየብቻ። አንድ ዛፍ አምስት ፎቶ ነው። ከአምስት ዓመት በኋላ ስትመለሱ ምን ያህል እንደወፈረ ታውቃላችሁ፣ ከሌለም የነበረው ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ።

የተቆረጠ ጉቶም አንሱ፣ አጠገቡ ብዕር ወይም እጃችሁን አድርጋችሁ መጠኑ እንዲታይ። የሚቆርጥ ሰው ካገኛችሁ ግን ስልካችሁን ኪሳችሁ ክተቱ። ፊቱን አታንሱ፣ አትጨቃጨቁ። ለእናንተም አደጋ ነው፣ ሰውየውም ምናልባት የዕለት ጉርሱን ፍለጋ የወጣ ነው። ቦታውንና ቀኑን ይዛችሁ ለደኑ ጽሕፈት ቤት ስጡ፣ ሱባን የሚያስተዳድረው የኦሮሚያ ደንና ዱር እንስሳት ድርጅት ነው፣ በሩ ላይ ሠራተኞች አሉ።

እንጦጦ ላይ እንጨት ተሸክመው ስለሚወርዱት እናቶች አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። ከጀርባቸው ሆኖ፣ ሸክሙ ወገባቸውን አጥፎት፣ ሳይጠየቁ ያልተነሱበት ዓመት ያለ አይመስለኝም። ያ ፎቶ ደን አይጠብቅም፣ እነሱንም አይጠቅምም። እነዚህ ሴቶች የትኛው ገመገም ላይ ምን ዛፍ እንዳለ፣ የትኛው ምንጭ መቼ እንደደረቀ ከማንም በላይ ያውቃሉ። ሸክማቸውን ሲያወርዱ ጠብቁ። "እናቴ፣ ደህና ዋሉ" በሉ። ቁጭ ብላችሁ ጠይቁ። ከዚያ ከፈቀዱ፣ ፊታቸውን ቀና አድርገው፣ የሚያውቁትን እያሳዩ አንሷቸው። ካልፈቀዱ ደግሞ አታንሱ፣ ያሏችሁን ጻፉ።

ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ያለ ቅርስ

እዚህ ላይ ረዘም ልበል፣ ምክንያቱም በጣም የሚያስፈልገው እዚህ ነው፣ ጥፋትም የሚሠራው እዚህ ነው።

የጨለቆት ሥላሴን ዘውድ ታሪክ የሰማችሁ ትኖራላችሁ። ትግራይ ውስጥ ያለ ቤተ ክርስቲያን ነው። የ18ኛው ክፍለ ዘመን ዘውድ ከዚያ ጠፋ። በ1998 እ.ኤ.አ. ሮተርዳም የሚኖረው ሲራክ አስፋው ቤቱ ውስጥ እንግዳ ትቶት በሄደው ሻንጣ ውስጥ አገኘው፣ ለ21 ዓመት ደብቆ ጠበቀው፣ በየካቲት 2020 እ.ኤ.አ. ወደ አገሩ ተመለሰ። ታዲያ አንድ ካህን ይህንኑ ዘውድ ደፍተው በ1993 እ.ኤ.አ. የተነሱት ፎቶ ነበር። ዘውዱ ያን ጊዜ የት እንደነበረ፣ የማን እንደሆነ በዓይን የሚያሳይ ፎቶ። በየደብሩ ዕቃ ቤት ያለው መስቀል፣ ጽዋ፣ ብራና፣ ከበሮ፣ ስንቱ እንደዚህ ዓይነት አንድ ፎቶ አለው?

መጀመሪያ ፈቃድ። ከደብሩ አስተዳዳሪ፣ ከሰበካ ጉባኤው፣ እንደየቦታው ደግሞ ከወረዳው ቤተ ክህነትና ከወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት። ደብዳቤ ቢኖራችሁ ይሻላል። አንዳንዴ ሦስት ቅዳሜ ይወስዳል። አትቸኩሉ፣ ባለቤቶቹ እነሱ ናቸው። ታቦት አይነሳም፣ መቅደስ አይገባም፣ ይሄ ጥያቄ ውስጥ እንኳ አይገባም። ዕቃውን የሚያወጣውም የሚመልሰውም ቄሰ ገበዙ ነው፣ እናንተ አትነኩም።

ለምሳሌ አንድ ብራና ልውሰድ። ባለፈው ዓመት ከከተማው ወጣ ባለ አንድ ደብር ቄሰ ገበዙ ከማኅደሩ አውጥተው ነጠላቸው ላይ አስቀመጡልኝ። ሽፋኑ እንጨት ነው፣ አንዱ ጥግ ላይ ተሰንጥቆ በጅማት ተሰፍቷል። ከፈቱት። የገጾቹ የታችኛው ቀኝ ጥግ ጠቁሯል፣ ለዘመናት ገጹን የገለጠ አውራ ጣት ነው ያጠቆረው። እሳቸውም ሲገልጡ ጣታቸው እዚያው ጥቁሩ ላይ አረፈ። "አባ፣ እዚህ ላይ ትንሽ ያቆዩልኝ" አልኳቸው። ቆዩልኝ። እሷ ፎቶ የዚያን መጽሐፍ ማንነት ከሽፋኑ በላይ ትናገራለች፣ ምክንያቱም ያንን ስፌትና ያንን ጥቁረት ሌላ መጽሐፍ ሊኖረው አይችልም።

አነሳሱ እንዲህ ነው። ፍላሽ ይጥፋ፣ ፎቶውን ያበላሸዋል። ዕቃው በር ወይም መስኮት አጠገብ ይሁን፣ ፀሐይ በቀጥታ ሳይነካው። ከሥሩ ነጭ ወይም ግራጫ ያልተጌጠ ጨርቅ። አጠገቡ የሠላሳ ሳንቲ ሜትር ማስመሪያ፣ የተማሪው ይበቃል። ፊቱን፣ ጀርባውን፣ ጎኖቹን፣ ከዚያ ጽሑፉን፣ ከዚያ ደግሞ ጉድለቱን ሁሉ፣ ስንጥቁን፣ የተጠገነበትን፣ የጎደለውን ዶቃ። ጉድለቱን መተው የለመደብን ነገር ነው፣ ዕቃው እንዲያምር ስለምንፈልግ። ግን የተሰረቀ መስቀል ከሌላ አንድ ሺህ መስቀል የሚለየው በስንጥቁ ነው።

ለዚህ ዓለም አቀፍ ፎርም አለ፣ ኦብጀክት አይዲ ይባላል፣ ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፖሊስና ሙዚየም የሚሠሩበት። የሚጠይቀው ብዙ አይደለም። ፎቶ፣ የዕቃው ዓይነት፣ መጠኑ፣ ከምን እንደተሠራ፣ ያለበት ጽሑፍና ምልክት፣ ልዩ መለያው፣ ምን እንደሚያሳይ፣ ዘመኑና የሠራው ሰው ከታወቀ። አንድ ገጽ ወረቀት ነው። ኢንተርፖልም በ2021 እ.ኤ.አ. ያወጣው አይዲ አርት የሚባል የስልክ መተግበሪያ አለው፣ የራሳችሁን ዕቃ እዚያው ላይ ለመመዝገብ ያስችላል፣ የተሰረቀ ነው ብላችሁ የጠረጠራችሁትንም መፈተሽ ትችላላችሁ።

አሁን ዋናው ነገር። እነዚህን ፎቶዎች አትለጥፉ። ፌስቡክም፣ ቲክቶክም፣ የሰፈር ቴሌግራም ግሩፕም ላይ። የሚያምር የወርቅ መስቀል ከነደብሩ ስም መለጠፍ ለሌባ አድራሻ መስጠት ነው። ቅጂው የሚሄደው ለደብሩ፣ ለሀገረ ስብከቱና ለኢትዮጵያ ቅርስ ባለስልጣን ነው። በቃ። "ግን ሕዝብ ይወቀው" የሚሉኝ አሉ። ሕዝቡ ሕንፃውን ይወቀው፣ በዓሉን ይወቀው፣ የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ማወቅ የለበትም።

ድንጋይ

የካ ተራራ ላይ ያለውን ዋሻ ሚካኤልን ያላየ የአዲስ አበባ ሰው ብዙ ነው። ከአንድ አለት የተፈለፈለ፣ ጣሪያው የወደቀ፣ ላዩ ላይ ዛፍ የበቀለበት። በአካባቢው የአብርሃና አጽብሃ ነው ይባላል፣ ባለሙያዎች ደግሞ በ12ኛው ወይም በ13ኛው ክፍለ ዘመን ያደርጉታል። በደቡብ በኩል ደግሞ አሁንም የሚቀደስባት አዳዲ ማርያም አለች፣ እሷም ከአለት የተፈለፈለች። እነዚህን ስታነሱ እኩለ ቀን አትሂዱ። ድንጋይ ላይ ያለ ቅርጽ የሚታየው ብርሃን ከጎን ሲመታው ነው፣ ማለትም ማለዳ ወይም አመሻሽ። ጥላው ራሱ ጽሑፉን ያወጣላችኋል። ጠመኔ አትቀቡ፣ ውሃ አታፍስሱ፣ ድንጋዩ ላይ የበቀለውን ሽበት አትፋቁ።

ለድንጋይ አንድ ተጨማሪ ዘዴ አለ። ዓምዱን ወይም ሐውልቱን በዙሪያው እየዞራችሁ ከስልሳ እስከ መቶ ፎቶ አንሱት፣ እያንዳንዱ ፎቶ የበፊቱን ሁለት ሦስተኛ ያህል ይደግም። አንድ ዙር ከታች፣ አንድ ዙር ከመሃል፣ አንድ ከላይ። በኋላ ኮምፒውተር ላይ ነፃ ፕሮግራም አለ፣ ፎቶዎቹን ገጣጥሞ ከየአቅጣጫው እያዞራችሁ የምታዩት (3D) ሞዴል ይሠራል። ኬፕታውን ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ዛማኒ ፕሮጀክት ላሊበላን ጨምሮ ብዙ የአፍሪካ ቅርሶችን በትልልቅ የሌዘር መሣሪያ ለክቶ አስቀምጧል። የኛ ስልክ ያን ያህል አይደርስም፣ ግን የወደቀ ዓምድ እንዴት ቆሞ እንደነበረ ለማሳየት ይበቃል። ድሮን ግን ያለ ፈቃድ አይታሰብ።

መልካ ቁንጥሬ ከሄዳችሁ፣ አዋሽ ዳር፣ ከአዲስ አበባ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በ2024 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው፣ መሬት ላይ የተጠረበ ድንጋይ ልታዩ ትችላላችሁ። በእጃችሁ አታንሱት። ጥቁር የሚያብረቀርቅ ባልጩት ቢሆንም አታንሱት። ካለበት ከተነቃነቀ ግማሽ ታሪኩ ይጠፋል። አጠገቡ ብዕር አድርጉ፣ ፎቶ አንሱ፣ ወደኋላ ብላችሁ አካባቢውን አንሱ፣ ቦታውን ያዙ፣ ለጥበቃዎቹ ንገሩ።

ከዚያስ?

ፎቶ ሦስት ቦታ ይቀመጥ። ስልኩ ላይ፣ ሌላ ሰው ቤት ባለ ፍላሽ ወይም ሃርድ ዲስክ ላይ፣ እና ኢንተርኔት ላይ፣ እናንተ ብቻ በምትከፍቱት ማስቀመጫ። ፋይሉን ስም ስጡት። የኔ እንዲህ ነው፣ ዓመት፣ ወር፣ ቀን፣ ከዚያ ቦታ፣ ከዚያ ምን እንደሆነ። ማታ ቤት እንደገባሁ ነው የማደርገው፣ ካደረ አይሠራም።

ለሕዝብ መሆን ያለበትን፣ ሕንፃ፣ ተራራ፣ በዓል፣ የእጅ ሙያ፣ ዊኪሚዲያ ኮመንስ ላይ ጫኑት። ከጫናችሁ በኋላ ማንም ስማችሁን እየጠቀሰ በነፃ ሊጠቀምበት ይችላል፣ ያንን አውቃችሁ ይሁን። ዊኪ ላቭስ አፍሪካ የሚባል ውድድር ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ፣ በየዓመቱ አንድ ርዕስ ያወጣሉ። ስለ አፍሪካ የሚጻፈው ሁሉ የቱሪስት ፎቶ ብቻ እንዳይኖረው የታሰበ ነው። የአማርኛ መግለጫ ጻፉበት፣ የእንግሊዝኛውን ሌላ ሰው ይጨምረዋል።

እና አሳትሙ። ፎቶ ቤት ሄዳችሁ፣ በወረቀት። የገፈርሳዎቹን ስድስቱን ባለፈው ጥቅምት አሳትሜ ድንጋዩ ላይ ለሚቀመጡት እረኞች ወሰድኩላቸው። ትልቁ ልጅ አንድ በአንድ አያቸው፣ ሁለተኛው ላይ ቆመ፣ ጣቱን አንድ ነጥብ ላይ አደረገ። "የኛ ቤት እዚህ ጋ ነበር" አለኝ። ስድስት ዓመት ሙሉ ያነሳሁት ቦታ ላይ ያ ቤት እንደነበረ አላየሁም ነበር፣ የሣር ጣሪያ ስለሆነ ከኮረብታው ጋር ተመሳስሎብኛል። ብዕር ሰጠሁትና ከፎቶው ጀርባ የቦታውን ስምና የነቀሉበትን ዓመት ጻፈልኝ። የቀሩትን አምስቱንም አገላብጦ ማን የት ይኖር እንደነበር ሲነግረኝ ከብቶቹ ሩቅ ሄደው ነበር። ትንሹን ልኮ አስመለሳቸው። ሚያዝያ ላይ ስመለስ አያቱን ይዞ እንደሚመጣ ነግሮኛል፣ ትልልቅ አድርጌ አሳትሜ እንድመጣ፣ ዓይናቸው ደክሟልና።